የአራስ ልጅ ዕቃ፦ ከመርካቶ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር

በመርካቶ የሕፃናት ልብስና ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ያምራል። መራመድ ቀርቶ መቀመጥ ለማይችል ልጅ ባለ ማሰሪያ ጫማ አለ፤ አንገቱ ላልጸና ልጅ ኮትና ክራባት አለ፤ በሚያንጸባርቅ ሳጥን የተደረደረ፣ ከለሃጭ ጨርቅ እስከ ጓንት የያዘ ስጦታም አለ። ነፍሰ ጡሯ ሰባተኛ ወሯን ስታልፍ ባልና ሚስት ወደዚህ ገበያ ይወርዳሉ። ብዙ ጊዜም ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአንድ ቀን ጨርሰው፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ በየቀኑ የሚፈለገውን ነገር ሳይገዙ ይመለሳሉ። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ያ እንዳይደርስባችሁ ነው።

አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፦ ሙቀት፣ ወተት፣ ንጽሕና፣ ያለ ስጋት የሚተኛበት ቦታ። አንድ ዕቃ እጃችሁ ሲገባ ከአራቱ የትኛውን እንደሚያሟላ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁለት የሚገዛው ለልጁ ሳይሆን ልጁን ለሚያየው ሰው ነው። ለሚያይ ሰው መግዛት ነውር የለበትም፤ ግን ገንዘብ ከተረፈ ይሁን።

በዚህ ጉዳይ በመንግሥት ደረጃ አስባ ዝርዝር ያወጣች አገር አለች። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1938 ኑሯቸው ዝቅተኛ ለሆነ እናቶች፣ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም እናቶች የአራስ ልጅ ዕቃ የያዘ የካርቶን ሳጥን ማደል ጀመረች። በሳጥኑ ውስጥ የሚበዛው ልብስ ነው፤ ትንሽ ፍራሽም ስላለበት ካርቶኑ ራሱ የልጁ የመጀመሪያ አልጋ ይሆናል። እናቲቱ ሳጥኑን የምታገኘው ግን እርግዝናዋ አራት ወር ሳይሞላ ለምርመራ ከቀረበች ነው። አንዲት ሀብታም አገር ለልጆቿ የመረጠችው ዕቃ በአንድ ካርቶን መግባቱን፣ ከዕቃውም በፊት የጠየቀችው ምርመራውን መሆኑን ልብ በሉ። በእኛም አገር በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቅድመ ወሊድ ክትትል ያለ ክፍያ ይሰጣል። ክትትል ያልጀመረች ነፍሰ ጡር ካለች የመርካቶው ጉዞ ይቆይላት፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ስለ ገበያው ጥቂት ልበል። መርካቶ ዛሬ ባለበት በአዲስ ከተማ የተደራጀው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ወራሪው አስተዳደር በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር። ከዚያ ወዲህ ሸማ ተራ፣ ፍራሽ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቅቤ ተራ፣ ዱባይ ተራ እየተባለ በዕቃ ዓይነት ተከፋፍሎ አድጓል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቆ አራተኛው ላይ መግዛት ቀላል ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ሐሳባቸው ጅምላ ላይ መሆኑ ነው፤ "በደርዘን ውሰዱ፣ ያዋጣችኋል" ይላሉ። በደርዘን የሚያዋጣው የሽንት ጨርቅና ፎጣ ነው። የልብስ ደርዘን አያዋጣም፤ ልጁ በሦስት ወር ውስጥ ቁጥሩን ያልፈዋልና። በወሊድ የሚቀራረብ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ደርዘኑን ገዝታችሁ ተካፈሉ።

ቅዳሜ አትሂዱ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ የጁምዓ ሶላት ስለሚኖር ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱም በሰጋጆች ይሞላል። የሚሻለው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ሱቆች ተከፍተው ገበያው ሳይጋጋል ጠዋት ነው። ነፍሰ ጡሯም የግድ መሄድ የለባትም። ከራሷ ልብስ በስተቀር ለክታ የምትገዛው ነገር የለም፤ በሰው ግፊትና ሸክም ተሸክመው "ዞር በሉ!" እያሉ በሚሮጡ ወጣቶች መካከል ከምትንገላታ ዝርዝሩን ጽፋ ለባሏና ለእህቷ ብትሰጥ ይሻላል።

ከሙቀት እንጀምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ብዙ አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። የጤነኛ ጨቅላ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ይህን ሙቀት ለመጠበቅ ግን ገና አቅም የለውም። ስለዚህ ልብሱ ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ ይመረጥ። ከላይ እስከ ታች ፊት ለፊት የሚከፈት ቱታ፣ ጭንቅላት ላይ ታግሎ ከሚጠልቅ ሸሚዝ ይሻላል፤ በሌሊት እንቅልፍ እየጣላት የምታለብሰው እናት ምክንያቱን ታውቀዋለች። ስድስት ያህል ቱታ፣ ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኮፍያ፣ ጥቂት ካልሲና ሁለት ቀለል ያሉ ብርድ ልብሶች ይበቃሉ። ልጁ የሚወለደው በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከሆነ የታጠበ ልብስ በቀኑ ስለማይደርቅ በግማሽ ጨምሩበት። ዶቃ፣ የሚነቀል አበባ፣ አንገት ላይ የሚታሰር ክር ያለበትን ልብስ ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት።

ጥጥ ነው ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጥጥ አይደለም። ነጋዴውን አስፈቅዳችሁ ከልብሱ ጠርዝ አንድ ክር ምዘዙና ከሱቁ ወጣ ብላችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ይነድና ዐመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ይኮማተርና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ክር መምዘዝ ካልተቻለ ጨርቁ ላይ ጠብታ ውኃ አድርጉ፤ ጥጥ ይመጠዋል፣ ብዙው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ግን ጠብታው ቆሞ ይታያል። በዚህ መመዘኛ ለስላሳ የሆነ የሳልባጅ ጥጥ ከአዲስ ፖሊስተር ይበልጣል ባይ ነኝ። በሚገባ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በጋለ ካውያ ከተተኮሰ ምንም አያሳፍርም።

ቁጥርም ያሳስታል። ከቻይና የሚመጡ የሕፃናት ልብሶች ላይ 59፣ 66፣ 73 የሚል ታያላችሁ። ይህ በሴንቲሜትር የተለካ የልጅ ቁመት ነው። ሲወለድ 50 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ልጅ 59 ቁጥርን እስከ ሦስት ወር፣ 66ን እስከ ስድስት ወር ገደማ ይለብሳል። በትንሹ ቁጥር ጥቂት፣ በሚቀጥለው በዛ አድርጎ መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ስንት ልብስ ይደረብለት ለሚለው፣ አዋቂ ከለበሰው አንድ ድርብ ብቻ ይጨመርለት። ጀርባውን ወይም ማጅራቱን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ካላበው ቀንሱለት። በሦስት ጋቢ ተጀቡኖ ፊቱ የቀላ ልጅ ምች እንዳይመታው የተጠበቀ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሙቀት እየጎዳው ነው። ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል አንድዶ መስኮት መዝጋት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የከሰል ጭስ ያለፈ በሚመስልበት ሰዓት እንኳ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ አራስና ልጅን በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። የዕጣን ጭስም ከጨቅላው ክፍል ይራቅ። እንግዳ ሲመጣ ቡናው በሌላ ክፍል ቢፈላ፣ አንድ ክፍል ብቻ ካላችሁም ደጅ ላይ ቢቆላ ማንም አይቀየምም።

ለትንሽ ልጅ ከሁሉ የበለጠው ማሞቂያ የእናቱ ደረት ነው። ይህ ለማሞገስ የተባለ እንዳይመስላችሁ። ያለ ጊዜው ወይም በዝቅተኛ ክብደት የተወለደን ልጅ ልብሱን አውልቆ፣ በእናቱ ጡቶች መካከል ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማሰር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማሞቂያ ሣጥን ባጠረው በኮሎምቢያ ቦጎታ በሚገኝ ሆስፒታል ተጀመረ። የካንጋሩ እንክብካቤ ይባላል። በአገራችን የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጥንተውት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ በዚህ መንገድ ቶሎ የታቀፉት ጨቅላዎች በተለመደው መንገድ ከተያዙት የበለጠ በሕይወት ተርፈዋል። ዋጋው የአንድ ሰፊ ነጠላ ዋጋ ነው። አባትም ማቀፍ ይችላል፤ ደረቱ ሙቀት አያንሰውም።

ወተትን በተመለከተ ዝርዝራችሁ ባዶ ቢሆን ደስ ይለኛል። ልጁ እንደተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። ወፈር ብሎ ቢጫ የሚመስለው የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ አይታለብ፣ አይደፋ፤ በሽታ መከላከያው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እስከ ስድስት ወር ውኃም ጭምር አያስፈልገውም። ቅቤ የማዋጥ ልማድም ይቅር። አያቶች ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ስለሆነ በአክብሮት አስረዷቸው፤ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ አውሉት ብትሏቸው ይቀበሏችኋል።

የቆርቆሮ ወተት ሻጮች ማስታወቂያ ያደረሰው ጉዳት ዓለምን ስላሳሰበ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ሕግ አጽድቋል። ይህን የማነሣው በሱቅ ውስጥ "ይህ ከጡት ይበልጣል፣ ልጁን ያወፍራል" የሚላችሁ ሰው ካለ እንዳትሰሙት ነው። በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት ማጥባት የማትችል እናት አለች፤ እሷ በሐኪም ምክር ትግዛ፣ አንገቷንም አትድፋ። ጡጦ ሲገዛ ከጠርሙሱ ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ጥሩ ነው። 7 ከሆነና "ከቢስፌኖል ኤ ነፃ" የሚል ከሌለበት ተዉት፤ የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል ከልጆች ጡጦ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጡጦ መቀቀያ መግዛት አያስፈልግም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ክዳን ያለው ድስትና የፈላ ውኃ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

የምትሠራ እናት አንድ ነገር ልታስብ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት፤ ስድስት ወር ግን ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወተት ማለብን ትለማመድ። በእጅ ማለብ ይቻላል፤ ማለቢያ መሣሪያ ከተገዛም የእጁ ይመረጥ። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ልጁን የምትይዘው ሴት በትንሽ ስኒ ቀስ አድርጋ ብታጠጣው ከጡጦ ይመረጣል፤ ስኒ ለማጠብ ይቀላል፣ ልጁም የጡት አያያዙን አይረሳም።

ንጽሕና ላይ የሚወስንላችሁ የሰፈራችሁ ቧንቧ ነው። ውኃ በየቀኑ የሚመጣላችሁ ከሆነ በጨርቅ መጠቀም ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ የሚመጣላችሁ ከሆነ ግን የተጠራቀመ የሽንት ጨርቅ ለአራስ ቤት ጣጣ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀንና በሌሊት ስምንት፣ አሥር ጊዜ ይቀየራል። ለጨርቅ የወሰናችሁ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በሜትር ግዙና ሃያ አራት ያህል ቁራጭ አሰፉ። ከመጠቀማችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ አዲስ አቡጀዲ ሙጫው ካልለቀቀ ውኃ አይመጥም፣ ቆዳም ይከረክራል። ብዙዎቻችን ፓምፐርስ የምንለው የሚጣለው ዳይፐር በኪሎ ነው የሚለካው፤ በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ትንሽ እሽግ ብቻ ግዙ። አንዳንዱ ልጅ በአንዱ ዓይነት ቆዳው ሽፍ ይላል፣ በሌላው ደኅና ይሆናል፤ ትልቁን እሽግ ገዝቶ መጣል ያናድዳል። ለብዙ ቤተሰብ የሚስማማው ቀን ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለማጠቢያ ለልጁ ብቻ የተለየ ሳፋ ይኑር፤ ባለ መደገፊያው የፕላስቲክ ገንዳ የግድ አይደለም። የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሁን። ፓውደር አትግዙ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ዓይኑ እንዲያምር ተብሎ የሚቀባው ኩልም ይቅር፤ በገበያ የሚሸጥ ኩል እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። እትብት ላይ ቅቤም ቫዝሊንም አይቀባ። ለእትብት የሚሆነው 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ቅባት ከጤና ተቋም ይገኛል፤ ዓይን እንዳይነካ ብቻ ጠንቅቁ።

ከኤሌክትሮኒክስ ሁሉ አንድ ብቻ ግዙ ብባል ዲጂታል ቴርሞሜትር እላለሁ። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ልጅ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ካሳየ፣ መጥባት ካቆመ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ግንባር በእጅ ዳስሶ መገመት ለዚህ ዕድሜ አይበቃም።

መኝታ። ፍራሽ ተራ ስትሄዱ ለስላሳውን ሳይሆን ጠንካራውን ጠይቁ። በመዳፋችሁ ተጭናችሁ ስትለቁት ወዲያው ካልተመለሰ ለጨቅላ አይሆንም፤ ፊቱ ሊሰምጥበት ይችላል። ልጁ ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከጀመረች ወዲህ በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ትራስ፣ በአልጋው ዙሪያ የሚደረደር ጥጥ የተሞላ መከለያ፣ አሻንጉሊት አያስፈልግም። ጭንቅላቱ እንዲሞላ ተብሎ የሚገዛው መሐሉ የጎደጎደ ትራስም ያው ነው። የሕፃን አልጋ መግዣ ከሌለ ሕፃኑ በእናቱ ክፍል፣ ከአልጋዋ አጠገብ በተነጠፈ የራሱ ፍራሽ ላይ ቢተኛ ደኅና ነው። አባት ጠጥቶ በገባበት ሌሊት ግን ልጅ በምንም ምክንያት ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ አይተኛ።

እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው የሕፃን አጎበር በገበያው ሁሉ አለ፣ የስጦታም ተወዳጅ ነው። አዲስ አበባ ወባማ ከተማ ስላልሆነች እዚህ የሚከለክለው ዝንብ ነው። ልጁን ይዛችሁ አያቱን ለማሳየት ወደ ቆላ ስትወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው በመድኃኒት የተነከረው ትልቁ አጎበር ነው፣ ለእናቱም ጭምር።

ከመርካቶ የማይገዛ አንድ ነገር አለ፤ ፀሐይ። አገራችን ይህን ያህል ፀሐይ እያላት በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ፣ ሪኬትስ፣ ልጆቻችንን ሲጎዳ ኖሯል፤ ምክንያቱም ልጆቹ ተጠቅልለው ቤት ውስጥ ይውላሉ። ሐኪሙ ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል 500 የሳንባ ምች የያዛቸውን ልጆች በሽታው ከሌለባቸው 500 ልጆች ጋር አነጻጽረው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ ሪኬትስ በሳንባ ምች ከመያዝ ጋር በ13 እጥፍ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ደረቱ የላላ ልጅ መተንፈስ ይቸግረዋል። ስለዚህ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ልብሱን ቀለል አድርጋችሁ ዓይኑን ከልላችሁ አሙቁት። በመስኮት መስታወት በኩል ማሞቅ አይጠቅምም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወቱ ይውጠዋል። ከስንት ቀኑ ይጀመር፣ ለስንት ደቂቃ የሚለውን በክትባት ቀን ነርሷን ጠይቁ፤ ለብቻው የሚሰጥ የቫይታሚን ዲ ጠብታም እንዳለ ትነግራችኋለች።

ልጅ መሸከሚያ እኛ ዘንድ ሞልቷል። አንቀልባ ጭን ከፍቶ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ስለሚይዝ ለዳሌ መገጣጠሚያ ተስማሚ ነው። ልጅን እግሩን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ግን ዳሌውን ይጎዳል። ጀርባ ላይ ማዘል አንገቱ እስኪጸና ይቆይ፣ እስከዚያ ደረት ላይ ይታቀፍ፤ ፊቱ እንዲታያችሁ፣ አገጩም ደረቱ ላይ እንዳይታጠፍ አድርጋችሁ። በጎማ የሚገፋ ጋሪ ከመግዛታችሁ በፊት ከደጃችሁ እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን የእግረኛ መንገድ በእግራችሁ ሂዱበትና ደረጃውን፣ የተከፈተውን ቱቦ፣ ታክሲ ውስጥ የሚገባበትን ሁኔታ እዩ። ብዙዎቻችሁ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ። ባለ ጎማውን የመራመጃ ወንበር ግን ጨርሶ አትግዙ። ልጁን ቶሎ አያራምደውም፤ ከደረጃ ይጥለዋል፣ ከከሰል ምድጃና ከፈላ ጀበና ጋር በፍጥነት ያገናኘዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጡንም ወደ አገር ማስገባቱንም ከልክላለች።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ገንዘብ የእናቲቱ ነው። ይህን በጣም አጥብቄ የምናገረው በብዙ ቤት ለልጁ ሦስት ቦርሳ ሙሉ ተገዝቶ ለእናቱ አንድ የምታጠባበት ፊት ለፊት የሚከፈት ልብስ ስለማይገዛ ነው። ለሌሊት የሚሆን ሰፊ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ሁለት የማጥቢያ ጡት መያዣ፣ ለአጥሚቱ አጃና ገብስ፣ ለገንፎው ቅቤ፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ አረንጓዴ ቅጠል። ለአርባ ቀን ልብስ የምታጥብላት ሰው ብትቀጠርላት ከማንኛውም የልጅ አልጋ የበለጠ ጥቅም አለው። ዕቁብ የምትገቡ ከሆነ ዕጣው በወሊዱ ወር እንዲደርሳችሁ ከዳኛው ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ።

ዘመድ ለአራስ ጥየቃ ሲመጣ ትንንሽ ልብስ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። አስቀድሞ "ምን ላምጣ?" ብሎ ለሚጠይቃችሁ አትፈሩ፤ ሳሙና፣ የ73 ቁጥር ልብስ፣ ወይም አንድ ቀን መጥቶ ምግብ ማብሰል በሉት። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ከጠየቃችሁ፣ መኪና ካላችሁ ፊቱ ወደ ኋላ የሚዞር የሕፃን የመኪና ወንበር ይላክላችሁ፤ ያገለገለ ከሆነ ግጭት ያልደረሰበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ንገሩት። መርካቶ የምትገዙትንም ልብስ "ቁጥሩ ካልሆነ እቀይራለሁ" ብላችሁ ከነጋዴው ጋር ተስማሙ። ወረቀቱን ከልብሱ ላይ አትንቀሉ፤ የሱቁን ቁጥርና ስልክም በደረሰኙ ጀርባ ጽፋችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት።